አድዋ ሩቅ፣ ጎሬ ቅርብ፦ የጦር ሜዳና የጦር ቅርስ ለልጆች የታሪክ ትምህርት

ያዮ ውስጥ የሚማር ልጅ በመጽሐፍ የሚያውቃቸው የጦር ሜዳዎች ሁሉ ሩቅ ናቸው። አድዋ ከአዲስ አበባ እንኳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ያዮ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትገኛለች። መቅደላ ወሎ፣ ማይጨው ትግራይ፣ ካራማራ ጅጅጋ ነው። ልጁ የቦታዎቹን ስም ከነዓመተ ምሕረታቸው ያጠናል፤ ለፈተና ይጽፋቸዋል፤ ክረምት ሲገባ ይረሳቸዋል። ይህ ማለት ግን የራሱ አካባቢ ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም ዩኔስኮ የያዮን የጫካ ቡና ባዮስፌር ሪዘርቭ ሲመዘግብ ዓለም ያወቀው 167,021 ሄክታሩንና ቡናውን ነው። በመቱ በኩል አልፎ የሚደረስባት ጎሬ ግን በ1928 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ በጣሊያን ከተያዘች በኋላ፣ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የጦር ሜዳና ከጦርነት የተረፈ ዕቃ ለልጆች ታሪክ ለማስተማር በእርግጥ ይረዳሉ ወይ? የሚረዱ ከሆነ በምን ዓይነት አቀራረብ? ጉዳት የሚያመጡትስ የት ላይ ነው? ከአገር ውስጥና ከውጭ ያለውን ልምድ ተመልክተን ያዮና ጎሬ ወዳሉበት ወደ ኢሉባቦር እንመለሳለን።

ቦታው የሚያስተምረው

ልጆችን ወደ ጦር ሜዳ የመውሰድ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው ስሜት ነው፤ “አባቶቻችን ደማቸውን ያፈሰሱበት መሬት ላይ ሲቆሙ አገራቸውን ይወዳሉ” ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን ስሜቱን በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙርም ማግኘት ይቻላል፤ ለዚያ ብቻ ከሆነ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አያሻም። ቦታው ብቻ ሊያሳይ የሚችለው ሌላ ነገር አለ፤ ነገሩ ለምን እንደዚያ ሆነ የሚለውን።

አድዋን እንውሰድ። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም ሌሊት የጣሊያኑ አዛዥ የባራቲዬሪ ጦር ተከፋፍሎ በየተራራው መካከል ሲገሰግስ፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዝዞ ነበር። ጣሊያኖች የያዙት ንድፍ ካርታ ግን ስሙን የጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነው። አልቤርቶኔ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ወደ ፊት ሲገፋ ከጓደኞቹ ተነጠለ፤ ሲነጋ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ለፊት ተገኘ። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይይዛል። ከተራሮቹ መካከል ቆሞ፣ አንዱ ኮረብታ ሌላውን እንዴት እንደሚጋርደው ያየ ልጅ ግን የካርታ ስሕተት ጦር እንዴት እንደሚያፈርስ ይገባዋል። ታሪኩ የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የመሬት፣ የመረጃና የውሳኔም መሆኑን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ርቀትም ራሱ ትምህርት ነው። አፄ ምኒልክ ክተት ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም ነው፤ ውጊያው የተደረገው በየካቲት። በመካከሉ ያሉት ወራት የእግር መንገድ፣ የስንቅና የአጋሰስ ወራት ናቸው። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ በእግር የሚደረገው “ጉዞ አድዋ” ለወጣቶች ያስገኘው ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይህ ነው፤ ተጓዡ የዚያን ሠራዊት ድካም በእግሩ ይለካዋል። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ ወደ ተራሮቹ መድረስ ለማይችሉ የከተማ ልጆች በር ከፍቷል። መታሰቢያ ግን የተሰናዳ ትረካ ነው፤ ሜዳው ያልተሰናዳ ማስረጃ ነው። ልጅ ሁለቱንም ቢያይ መልካም ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ዕቃው የሚያስተምረው

ቦታው ሩቅ ሲሆን ዕቃው ይቀርባል። ከጦርነት የተረፈ ዕቃ ለልጅ ጥሩ መምህር የሚሆነው ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው፤ ማን ሠራው? ከምን ሠራው? እንዴት እዚህ ደረሰ? ለምን ሳይወሰድ ቀረ?

መቅደላ ላይ ያለው ሴባስቶፖል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀረጹት ይህ መድፍ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው ይባላል፤ እስከ መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር የብራና መጻሕፍቱን፣ ዘውዱንና ታቦታቱን ለመጫን 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉት ይነገራል። መድፉ ግን እዚያው ቀረ። ለሂሳብ፣ ለጂኦግራፊና ለታሪክ መምህር በአንድ ላይ የሚበቃ ርእስ ነው፤ ሰባት ቶን በእንዴት ያለ መንገድ ይጎተታል? ወራሪ ምን ይመርጣል፣ ምንስ ትቶ ይሄዳል? ከተወሰዱት አንዱ ደግሞ የሰባት ዓመቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነበር፤ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። የአሥር ዓመት ተማሪ የመንግሥታትን ጠብ ባይከታተል እንኳ፣ ከእሱ የሚያንስ ልጅ ከአገሩ ሲወሰድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የተመለሱ ዕቃዎችም ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣሉ። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ2011 ዓ.ም ከለንደን ተመልሷል። በ1928 ዓ.ም ጦርነት ጊዜ ተወስዳ ጣሊያን ውስጥ ሙዚየም የቆየችው “ፀሐይ” አውሮፕላን ደግሞ በጥር 2016 ዓ.ም ወደ አገሯ ገብታለች። በአንጻሩ 11 ታቦታት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ግምጃ ቤት አሉ፤ ለጎብኚም አይታዩም። “የማን ነው? ማን ይመልሰው?” የሚለው ጥያቄ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ለመከራከር የሚያበቃ ነው።

ግን ሴባስቶፖልም ታቦቱም ያዮ አይመጡም። ያዮና መቱ ያሉት ዕቃዎች በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀሉ፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፤ የአያት ጋሻ፣ ጦር፣ ጎራዴ፣ አገልግሎቱ ያበቃ ውጅግራ ወይም ምንሽር፣ ከእርሻ የወጣ የጥይት ቀለሃ። ከዕቃው ጋር የሚነገረው ጌራርሳ፣ ፉከራና ተረክ የዕቃው ግማሽ አካል ነው። ዕቃው ተቀምጦ ተረኩ ከሞተ ብረት ብቻ ይቀራል።

የምዕራቡ ሜዳ

ታዲያ በኢሉባቦርና በአካባቢው ለልጅ የሚታይ ምን አለ? ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው ጎሬ ናት። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ይህች ከተማ በ1928 ዓ.ም ግንቦት ላይ የጊዜያዊ መንግሥት ማዕከል ሆነች፤ ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው፣ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አስተዳደሩን ይዘው። ለልጆች የሚቀርበው ጥያቄ “ለምን ጎሬ?” የሚለው ነው። መልሱ መጽሐፍ ሳይገለጥ ከመሬቱ ይነበባል። ከጎሬ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ጋምቤላ ያደርሳል፤ በ1894 ዓ.ም ውል መሠረት ጋምቤላ በእንግሊዝ የሚተዳደር የንግድ ጣቢያ ስለነበረች በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ እስከ ካርቱም ይኬዳል። ጎሬ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ የቡና ነጋዴም ገንዘብም ነበር። ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ ይህ አልተዘጋም። ልጁ ዛሬ የሚያውቀው የቡና መንገድ ያን ጊዜ የመንግሥት የመጨረሻ መውጫ ነበር ማለት ነው።

የጥቁር አንበሳ ድርጅትም የዚህ ታሪክ አካል ነው። በእንስሳት ሐኪሙ ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው፣ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችን ያሰባሰበው ይህ ቡድን፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥሎ ጄኔራል ማሊዮኮን ገደለ። ለልጆች ከዚህ እኩል የሚገርመው ግን ቡድኑ አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ መጻፉ ነው። ገበሬን ማስቸገርና ምርኮኛን ማሠቃየት በደንቡ የተከለከለ ነበር። ጦርነት ውስጥም ሕግ ሊኖር እንደሚችል ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። መጨረሻው ግን ድል አልነበረም፤ ጣሊያኖች በኅዳር 1929 ዓ.ም ጎሬን ያዙ፤ ራስ እምሩ በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

ሁለተኛው አቡነ ሚካኤል ናቸው። በ1921 ዓ.ም ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሲሆኑ፣ ጣሊያኖች ጎሬ እንደገቡ እዚያው ረሸኗቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተረሸኑትን የአቡነ ጴጥሮስን ስም ሁሉም ተማሪ ያውቃል፤ ሐውልታቸውም በዋና ከተማዋ መሐል ቆሟል። የአቡነ ሚካኤልን ስም የሚያውቅ የመቱ ተማሪ ግን ስንት ነው? የአገር ታሪክ በዋና ከተማው ዓይን ብቻ ሲጻፍ ጠረፉ ላይ የሞተው ይዘነጋል።

ሦስተኛው የ1933 ዓ.ም ዘመቻ ነው። የቤልጂየም ኮንጎ ጦር፣ ፎርስ ፑብሊክ፣ ሱዳንን አቋርጦ መጋቢት 2 አሶሳን፣ መጋቢት 14 ደግሞ ጋምቤላን ያዘ፤ ከዚያም ወደ ደምቢዶሎ ወጣ። ሰኔ 26 ቀን የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ከነሠራዊቱ ሳዮ (ደምቢዶሎ) ላይ እጁን ሰጠ። ኮንጎዎች ይህን አልረሱትም፤ ዛሬ ኪንሻሳ ውስጥ ጋምቤላ የሚባል ትልቅ ገበያ፣ ሳዮና አሶሳ የሚባሉ ጎዳናዎች አሉ። የኪንሻሳ ልጅ ጋምቤላ ገበያ ገብቶ ሽንኩርት ይገዛል፤ የኢሉባቦር ልጅ ግን እነዚያ ኮንጎዎች በአጠገቡ ተዋግተው እንደሞቱ አይነገረውም። የጦር ሜዳ ትምህርት ከጎረቤት አልፎ አፍሪካን ማገናኘት የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ጥናቱ ምን ይላል?

ጉብኝት ይጠቅማል የሚለው እምነት ብቻውን በቂ ስላልሆነ የተመዘነውን እንይ። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሳም ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ስምንት የታሪክ ምሁራንና ስምንት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሌክሲንግተን ውጊያ የተጻፉ ሰነዶችን እንዲያነቡ አደረገ። ተማሪዎቹ እውቀት አላጡም፤ በትምህርታቸው ጎበዞች ነበሩ። የለያቸው ልማድ ነው። ምሁራኑ ሰነዱን ከማመናቸው በፊት “ማን ጻፈው? መቼ? ለምን?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ይቀበላሉ። ለእኛ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ልጅ ጦር ሜዳ ስለቆመ ወይም ጋሻ ስለነካ ብቻ ታሪክ አይማርም፤ መጠየቅን ያስለመደው ሰው ሲኖር ነው የሚማረው።

ሁለተኛው ጥናት ከወደ አሜሪካ፣ ከአርካንሳስ ነው። ክሪስታል ብሪጅስ የተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲከፈት ሁሉንም ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ስላልቻለ ተራው በዕጣ ተሰጠ፤ ተመራማሪዎች ወደ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ከ123 ትምህርት ቤቶች ይዘው የሄዱትን ካልሄዱት ጋር አነጻጸሩ። የሄዱት አንድን ሥዕል አይተው በማስረጃ በመተንተን በለጡ፤ ከፍተኛውን ጥቅም ያገኙት ደግሞ ከገጠርና ከድሃ አካባቢ የመጡት ናቸው። ሙዚየሙ የጦርነት ሙዚየም አይደለም፤ ውጤቱን ሳያመዛዝኑ ወደ ጦር ሜዳ ማዛወርም አይገባም። ግን አቅጣጫው ያዮን ይመለከታል፤ ብዙ ያላየ ልጅ ከአንድ ጉብኝት ብዙ ያተርፋል።

በአገራችን በየካቲት 23 በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ልጆችን ጎፈርና ጋሻ አልብሶ ማስፎከር ነው። ደስ ይላል፤ በዓሉንም ያደምቃል። ትምህርት ነው ከተባለ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የፎከረው ልጅ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አደጋውና ሕጉ

ከጥቅሙ ቀጥሎ አደጋውን ማንሣት ግድ ነው። ከውጊያ የቀረ ብረት ሁሉ ሙት አይደለም። በቤልጂየምና በፈረንሳይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ገበሬ ሲያርስ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያወጣል። በእኛም አገር በትግራይ፣ በአፋርና በአማራ ክልል ከቅርቡ ጦርነት በኋላ ያልታወቀ ብረት ያነሡ ልጆች ሞተዋል፣ አካላቸው ጎድሏል። ስለዚህ ልጆች ቅርስ እንዲሰበስቡ መላክ ፈጽሞ አይገባም። የመጀመሪያው ትምህርት “አትንካ፣ ምልክት አድርግ፣ ለትልቅ ሰው ንገር” የሚል ይሁን። ቤት ውስጥ የኖረውን ዕቃ ወላጅ ያምጣው፤ ጠመንጃ ከሆነም በሕግ የተያዘና ጥይት የሌለበት መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቁፋሮን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህን ሕግ ለልጆች ማስተማር ራሱ የታሪክ ትምህርት አካል ነው፤ ዕቃ ከተገኘበት ቦታ ከተነሣ ግማሽ ምስክርነቱን ያጣልና።

የሚያከራክር ትዝታ

ጦር ሜዳ ሲባል ከባዕድ ጋር የተደረገው ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሰገሌ በ1909 ዓ.ም ኢትዮጵያዊ ከኢትዮጵያዊ የተላለቀበት ሜዳ ነው። ጨለንቆ ላይ መታሰቢያ ቆሟል፤ በ2006 ዓ.ም የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት ደግሞ ብዙ አከራክሯል። ኢሉባቦርም ከዚህ ውጪ አይደለም። ራስ ተሰማ ናደው ከመምጣታቸው በፊት ኢሉ የራሱ ገዥዎች ነበሩት፤ ለአንዱ ቤተሰብ የግዛት ማቅናት የሆነው ለሌላው የአያቱ ሽንፈት ነው። በ1928 ዓ.ም ራስ እምሩ ጎሬ ሲገቡም የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመሆን ለመንግሥታት ማኅበር አመልክተው ነበር። ይህን ደብቆ ጎሬን ማስተማር አይቻልም፤ ተማሪው አንድ ቀን ከሌላ ሰው ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ መምህሩንም አያምንም።

ከዚህ መውጫ እንዳለ የሚያሳይ ልምድ አለ። ቬርዳን ላይ በመቶ ሺዎች የተላለቁት ፈረንሳይና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሁለቱም አገር ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ የጋራ የታሪክ መጽሐፍ አዘጋጁ። ልዩነታቸውን አልሰረዙም፤ ሁለቱ ወገኖች አንድን ክስተት በምን እንደሚለያዩበት በዚያው መጽሐፍ አስቀመጡት። እንግሊዝም የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ ከእያንዳንዱ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር ወደ ምዕራብ ግንባር የምትልክበት መርሐ ግብር ነበራት፤ የሄዱት ተመልሰው ለቀሩት እንዲያካፍሉ ይጠበቅ ነበር። ለድሃ ትምህርት ቤት ይህ ዘዴ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ሁሉም መሄድ ካልቻለ የሄደው የሚናገርበት ሥርዓት ይኑር።

ዕድሜም ይታሰብ። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ ቦታ፣ ዕቃና የሰው ታሪክ ይበቃል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ሁለት ምስክር አቅርቦ ማመሳከር ይቻላል። የእርስ በርስ ጦርነትና አከራካሪ ሐውልት ለሁለተኛ ደረጃ ይቆይ። የቅርቡ ጦርነት ሐዘን ያልወጣለት ልጅ ባለበት ክፍል ደግሞ የጦር ሜዳ ወሬ ጨርሶ ሊቀር የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚወስነው መምህሩ ነው።

ለኢሉባቦር የሚበጀው

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። የጦር ሜዳና የጦር ቅርስ ለልጆች ታሪክ ያስተምራሉ፤ ግን ቅርቡ ከሩቁ ይቅደም፤ ጥያቄ ከፉከራ ይቅደም፤ ደህንነት ከሁሉም ይቅደም።

ለሥራው ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የመቱ፣ የያዮና የበደሌ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ቀን ለጎሬ ይመድቡ፤ ተማሪዎቹ ከመሄዳቸው በፊት የሚጠይቁትን ጽፈው ይያዙ፤ ሲመለሱ ያገኙትንና ያላገኙትን ለየብቻ ይጻፉ። ዕቃ ያለው ቤተሰብ ዕቃውን ሳይለቅ ለአንድ ቀን ወደ ክፍል ያምጣ፤ ባለዕቃው ሽማግሌም አብረው መጥተው ተረኩን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይንገሩ፤ ልጆች ይጻፉት። መቱ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አለ፤ የተጻፈውን ሰብስቦ ማመሳከርና ማስቀመጥ ለታሪክ ተማሪዎቹ ጥሩ ልምምድ ነው። የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ጎሬ ላይ አዲስ ሐውልት ከማቆማቸው በፊት የአቡነ ሚካኤልን፣ የጊዜያዊውን መንግሥትና የባሮን መንገድ ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ የሚያስረዳ ሰሌዳ ይትከሉ። የ1933 ዓ.ምን ዘመቻ ያዩ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ከእነሱ የሰሙት ልጆቻቸው ግን ዛሬም አሉ። መምህራን፣ የእነዚህን ሰዎች ቃል በዚህ የትምህርት ዘመን ጀምራችሁ አስጽፉ።